ለግቢ ጥብስ ርካሹ ከሰል ወይስ ውዱ? የአማቴ ነጠላ ነገር አለበት

ጥያቄ (ከለቡ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ለቡ ነው፣ ትንሽ ግቢ አለችን። ግማሽ በርሜል አስቆርጬ፣ እግር አስበይጄ፣ ላዩ ላይ የብረት ፍርግርግ አድርጌ ጥብስ መጥበሻ ሠርቻለሁ። በሥራው ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም። ችግሬ ከሰሉ ነው።

ባለፈው ቤተሰብ ጠርቼ ሰፈር ካለ ሻጭ አንድ ማዳበሪያ በ950 ብር ገዛሁ። ከላይ ሲታይ ትልልቅ ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ከታች ያለው ሁሉ ድቃቂ። ሲቀጣጠል ይንጣጣል፣ ፍንጣሪው ይዘላል። አማቴ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸው ላይ ሦስት ቀዳዳ! ምንም አላሉም። ዝም ብለው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ይነካካሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛው ዙር ሥጋ ላይ ደግሞ ፍሙ ሞተ። አዲስ ከሰል ጨመርኩ፣ ጭሱ ሥጋው ውስጥ ገባ።

አሁን ለዳግማይ ትንሣኤ 20 ሰው እጠብቃለሁ። አማቴም ይመጣሉ። ሦስት ምርጫ አለኝ። አንደኛው ያው የሰፈሩ ማዳበሪያ በ950 ብር። ሁለተኛው አንድ ዘመዴ «የግራር ነው፣ ወደር የለውም» የሚለኝ፣ 1,600 ብር። ሦስተኛው ሱፐርማርኬት ያየሁት በወረቀት ከረጢት የታሸገ፣ 3 ኪሎው 420 ብር። ልዩነቱ የምር ነው ወይስ ስም ነው የምንገዛው?

መልስ (ቡና አፍይዋ)

የግራር ነው እንጂ! እኔ ለቡና ቀላሉን ነው የምጠቀመው፣ ቶሎ ይያያዛል፣ ጀበናዋም ብዙ እሳት አትፈልግም። ለሥጋ ግን በቀላል ከሰል አትድከም። በማራገብ እጅህ ይዝላል።

መልስ (ሥጋ ወዳድ)

ሥጋው ጥሩ ከሆነ ከሰሉ ምን አገባው? 😀 አንተ ብቻ የጎድኑን አትርሳ፣ አድራሻ ላክ።

መልስ (በርሜል ጠባሽ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሚዛን ፈልግ። ቀልዴን አይደለም። ስድስት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ጥብስ እየጠበስኩ ሸጫለሁ፤ ሚዛን እስክገዛ ድረስ በየሳምንቱ ስሸወድ ነበር።

ማዳበሪያ ስትገዛ የምትገዛው ስፋት ነው። እሳት የሚሰጥህ ደግሞ ክብደቱ ነው። በደንብ የበሰለና የደረቀ ከሰል ከየትኛውም እንጨት ይምጣ፣ ኪሎው የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው፣ 30 ሜጋጁል ገደማ። ታዲያ ግራር ለምን ይመረጣል? እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ከሰሉም እምቅ ነው። አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ብዙ ኪሎ ይገባል፣ አንዷ ፍሬም ረጅም ጊዜ ትነዳለች። ወጣት ባሕር ዛፍ ወይም ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ቀለል ይላል፤ ቶሎ ይቀላል፣ ቶሎ ያልቃል። ያንተ ፍም ሁለተኛው ዙር ላይ የሞተው ለዚህ ይመስለኛል፣ ድቃቂውም አግዞታል። ድቃቂ አየር ይዘጋል። ሥሩ አየር ያጣ እሳት ደግሞ ወይ ያጨሳል ወይ ይሞታል።

ስለዚህ ሂሳቡን እንዲህ ሥራው። ማዳበሪያውን መዝን። በወንፊት ሽቦ አንገዋልለው። ከአውራ ጣትህ ያነሰውን ሁሉ አውጣና መዝን። ዋጋውን ለቀረው ኪሎ አካፍል። ከዚያ ውድና ርካሽ የትኛው እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል።

ጭሱን በተመለከተ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ አትቀየመኝ። ጥሬ ከሰል ሥጋ እየተጠበሰ አይጨመርም። ለብቻው አቅልተህ ነው የምትጨምረው። ትልቁን የኒዶ ጣሳ ላይና ታቹን ቆርጠህ ክፈት፣ ከሥሩ ዙሪያውን በሚስማር ብሳ፣ ፍርግርግ ላይ አቁመህ ከሰል ሙላው። ከሥር ጭራሮና ወረቀት ለኩስ። እሳቱ በራሱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ማራገብ የለም። ፌስታል አቃጥለህ እንዳታያይዝ፣ ነጭ ጋዝም እንዳታርከፈክፍ። ሽታው እስከ ማግስቱ ሥጋው ላይ ነው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሻጩ ፊት ቆሜ ማዳበሪያ ልፈታ አልችልም። ሳልፈታ እንዴት አውቃለሁ? ደግሞስ የግራር ነው ያለኝ የግራር ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?

መልስ (የድሮ ነጋዴ)

ልጄ፣ እኔ ከመተሐራ መስመር ከሰል ያመጣሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ትቼዋለሁ። ልንገርህ።

መጀመሪያ ማዳበሪያውን ከሥሩ ጨብጠው። ከላይ አትጨብጥ፤ ከላይማ ሁሉም ሸጋ ነው፣ አፉ ላይ ትልልቁን መደርደር የሙያው ሀሁ ነው። ከሥሩ እንደ አሸዋ ከተንሸራተተብህ ተወው። ሁለተኛ፣ ከፍ አድርገው። በጣም ከባድ ከሆነ ደስ አይበልህ። ወይ የግራር ነው ወይ ውሃ ጠጥቷል። መዳፍህን ማዳበሪያው ላይ አሳርፍ፣ ውሃ የነካው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ይታወቅሃል። ያንን በኪሎ ብትገዛ ለውሃ ነው የምትከፍል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ፍሬ አውጣና አጋጨው። በደንብ የበሰለ ከሰል እንደ ሸክላ ይጮኻል፣ ቅጭል ይላል። ያልበሰለው ዱብ ብሎ ይቀራል። ስበረው። ውስጡ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ ካየህ ገና እንጨት ነው፣ ያጨስሃል። ለነገሩ ለአክሳዩም ቀላል ሥራ አይደለም። አፈር ጭነው ቀናት ይጠብቁታል። ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ቢወጣ ነው። የቸኮለ ሰው ቀድሞ ይከፍተዋል፣ ያ ጥሬው ያንተ በርሜል ላይ ይመጣል።

የግራሩን ነገር ግን በስም አትመን። ያጋጨኸው ከጮኸ፣ ውስጡ ካብለጨለጨ፣ እጅህ ላይ ከከበደ ከየትም ይምጣ ውሰደው።

መልስ (ከእንጅባራ)

እኔ የመጣሁት ለዲከረንስ ጥብቅና ለመቆም ነው። እዚህ አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ራሱ ተክሎት፣ በ4 በ5 ዓመቱ ቆርጦ አክስሎ የሚሸጠው ነው። በመጀመሪያው ዓመት በመሀሉ ጤፍ ይዘራበታል፣ ከዚያ ሣር ይታጨድበታል። ዛፉ ራሱ ከግራር ወገን ነው፣ ትውልዱ አውስትራሊያ። እናንተ የምታወድሱት ግራር ግን አብዛኛው ማንም ያልተከለው ነው። ከስምጥ ሸለቆ ተቆርጦ ይመጣል፣ በምትኩ የሚተከል የለም። ከመንገዱ ዳር ያለውን መሬት ያየ ያውቀዋል።

በሙያ በኩልም ልንገርህ። ዲከረንስ በ10 በ15 ደቂቃ ይቀላል። ለስስ ሥጋ፣ ለዝልዝል፣ ለዶሮ ብልት ከበቂ በላይ ነው። ያንጣጣብህ ዲከረንስ ስለሆነ አይደለም፣ እርጥብ ስለሆነ ነው። ውስጡ የገባው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን ፍሬውን ይፈነቅለዋል። ሸራ ላይ ዘርግተህ ግማሽ ቀን ፀሐይ አስመታው፣ ልዩነቱን ታያለህ።

መልስ (በርሜል ጠባሽ)

የእንጅባራው ልክ ነው፣ እኔም የማደርገውን ልጨምር። ሁለቱን ቀላቅል። ከሥር ቀላሉ፣ ከላይ ከባዱ። ቀላሉ ከባዱን ያቀጣጥለዋል፣ ከባዱ ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆይሃል። ግራር ብቻውን ከሆነ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ እንግዳው ደግሞ አንተን እያየ ነው።

መልስ (ከሜሪላንድ)

እዚህም ክርክሩ ያው ነው፣ ገንዘቡ ብቻ ነው የተለየው። ጓሮዬ ውስጥ የምጠብሰው ነገር አለኝ፣ በጋ ሲገባ ሳምንት አያልፈኝም። ርካሹን 20 ፓውንድ በ15 ዶላር ገዝቼ የወለል ጣውላ ቁራጭ አግኝቼበታለሁ። ጣውላ! ከነሚስማር ቀዳዳው ከስሎ። ውዱ ከ35 ዶላር በላይ ነው፣ ከፓራጓይ የሚመጣ ኬብራቾ የሚባል እንጨት ነው። የስሙ ትርጉም መጥረቢያ ሰባሪ ነው፣ ገምቱት። ፍሬው እንደ ጡብ ነው። ለአንድ ሰዓት ጥብስ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፣ ገና ሲግል ሥጋው ያልቃል። እኔ የምገዛው ቀን ሙሉ ደረት ሥጋ የማበስልበት ጊዜ ብቻ ነው።

የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። እዚህ ብዙ ጠባሽ የሚወደው ሜስኪት የሚባል ከሰል አለ፣ ከሜክሲኮ ይመጣል። ዛፉ ምን መሰላችሁ? አፋርን የወረረው የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው። እኛ አገር ግጦሹን በላው ብለን የምንረግመው፣ እዚህ በከረጢት ታሽጎ ሰው እየመረጠ ይገዛዋል። ደግሞ ሜስኪትም ሲቀጣጠል ክፉኛ ይንጣጣል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ውድ ስለገዛህ ነጠላው አይተርፍም። ወንበራቸውን አርቅ።

መልስ (ሥጋ ወዳድ)

አሁን የምር ጥያቄ። የግራር ጭስ ለሥጋው ጣዕም ይሰጣል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ (በርሜል ጠባሽ)

በደንብ የበሰለ ከሰል ጣዕም የለውም ማለት ይቀላል። የሚሸተው እንጨቱ ሲከስል ወጥቶ አልቋል። አንተ «የከሰል ጣዕም» የምትለው ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል የሚነሳው ጭስ ነው። ቅመሙ ሥጋህ ውስጥ ነው ያለው፣ ደስ ይበልህ። ብቻ ስቡ ሲበዛ ነበልባል ያነሳል። ፍሙን ሁሉ ወደ በርሜሉ አንድ ጎን ግፋው፣ ሌላውን ጎን ባዶ ተው። የተቃጠለብህን ወደ ባዶው ማሸሽ ነው።

መልስ (ነርሷ)

ስለ ሥጋው ብዙ ተባለ። አንድ ነገር እኔ ልበል፣ ወቅቱም ዝናብ አያጣውም። ዝናብ ሲመጣ በርሜሉን ወደ ቤት ወይም ወደተዘጋ በረንዳ እንዳታስገቡ። «ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» ብላችሁም ቢሆን። የቀላ ፍም ነው ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብሎ ይጀምራል፣ ሰው ጠጅ ነው ይላል። ማታ ቤቱ እንዲሞቅ ተብሎ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት ማስገባትማ አይታሰብ። ውዱም ርካሹም በዚህ እኩል ናቸው። ዝናብ ከመጣ ሥጋው ይርጠብ።

ጠያቂው (ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ)

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ሚዛን ከጎረቤት ባለሱቅ ተዋስኩ። ሁለቱንም ማዳበሪያ ገዛሁ፣ የተረፈው ለቡና ይሆናል ብዬ ነው። ሱፐርማርኬቱን ተውኩት፤ ኪሎው 140 ብር መሆኑን ሳሰላ እጄ አልዘረጋ አለኝ። ለሁለት ሰው ጥብስ፣ መኪና ለሌለው፣ ማዳበሪያ የሚያስቀምጥበት ለሌለው ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያዋጣ ይሆናል።

የ950 ብሩ 22 ኪሎ ሆነ። አንገዋልዬ 5 ኪሎ ድቃቂ ወጣ። የቀረው 17 ኪሎ፣ ኪሎው ወደ 56 ብር መጣ። የ1,600 ብሩ 34 ኪሎ ሆነ፣ ድቃቂው 3 ኪሎ። የቀረው 31 ኪሎ፣ ኪሎው 52 ብር አልሞላም! እኔ ስሸሸው የነበረው ውዱ ረከሰ። ሚስቴ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሠራችው፣ ያው ነው። በርሜል ጠባሽ፣ ባለውለታዬ ነህ።

የግራር ለመሆኑ አሁንም አልምልም። እንደ ጋሼ ምክር ሁለት ፍሬ አጋጨሁ፣ ቅጭል አለ። ሻጩ «አንተ ደግሞ ከየት ተማርክ?» አለኝ።

ቀላሉን ከነገ ወዲያ ድግስ ነው ብዬ ሸራ ላይ ሙሉ ቀን ፀሐይ አስመታሁት። የኒዶ ጣሳውም ሠራ፣ ልጆቹ «ሮኬት» ብለው ስም አወጡለት። 10 ኪሎ ሥጋ በ7 ኪሎ ከሰል አለቀ፣ 2 ቀላል፣ 5 ከባድ። የመጨረሻው የጎድን ጥብስ ሲወጣ ፍሙ ገና ነበረ፣ ረመጡ ላይ ቃሪያ ጠበስንበት።

ትንሽ ተንጣጥቷል፣ አልደብቅም። አማቴ ግን ማንም ሳይነግራቸው ወንበራቸውን ወስደው ከአጥሩ ሥር ነበር የተቀመጡት። ነጠላቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በላዩ ላይ ጋዜጣ አልብሰውታል።