ዜግነት ሲቀየር ፈቃዱ በማን እጅ ይሁን? የአዳማ የሾርት ትራክ ተከታታዮች ክርክር

የአወያዩ ጥያቄ

ውድ የአዳማ የሾርት ትራክ (በአጭር የበረዶ ዙር ላይ የሚደረግ የስኬቲንግ ውድድር) ተከታታዮች፣ ለዚህ ሳምንት የቀረበው ጥያቄ በመካከላችን በተደጋጋሚ ሲነሣ የቆየ ነው። ዜግነቱን የቀየረ ተወዳዳሪ በኦሊምፒክ ለአዲሱ አገሩ ለመሰለፍ፣ ለቀድሞው አገሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከተወዳደረበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ሦስት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት የኦሊምፒክ ቻርተር ይደነግጋል፤ ሆኖም የሚመለከታቸው ብሔራዊ ኮሚቴዎችና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከተስማሙ ጊዜው ሊያጥር፣ ጭራሽም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የቀድሞው አገር ካልፈቀደ ጊዜው አያጥርም ማለት ነው። የቀድሞው አገር ይህ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፍ ንባቡ ይቀናል። ጸሐፊዎቹ የተጠቀሱት በሰፈራቸው ስም ነው።

ከፍራንኮ፣ የሩጫ አሰልጣኝ

ሥልጣኑ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቴ የሚነሣው ዕድሜዬን ከሰጠሁት ከሩጫው ነው። ከአገራችን የተነሡ አትሌቶች ለባሕሬንና ለቱርክ ሲሮጡ ያላየ በዚህ ቡድን ውስጥ የለም፤ ማርያም ዩሱፍ ጀማል በ2007 እና በ2009 በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለባሕሬን ነው። ዝውውሩ ከልክ በማለፉ የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል በ2017 አገር መቀየርን ለጊዜው ሙሉ በሙሉ አገደ፤ በ2018 ሲከፍተውም ተወዳዳሪው ሦስት ዓመት እንዲጠብቅ፣ ዕድሜው 20 ያልሞላም እንዳይዛወር ወሰነ።

ሾርት ትራክ ከሩጫም ይልቅ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። ዙሩ 111.12 ሜትር ብቻ ነው፤ ተወዳዳሪው ከሰዓት ጋር ሳይሆን አጠገቡ ካሉት ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ስለሚፎካከር፣ መች ወደ ውስጥ መግባት፣ መች ከውጭ ማለፍ እንዳለበት የሚማረው ከጠንካራ የቡድን ጓደኞች ጋር ለዓመታት በአንድ በረዶ ላይ በመዋል ነው። ያንን በረዶ፣ ያንን አሰልጣኝና ያንን ቡድን ያቆመው አገር፣ ፍሬው በደረሰ ማግስት ሌላ ሰው ሲለቅመው «አይሆንም» የማለት መብት እንኳ ይነፈገው?

የሀንጋሪን ነገር ተመልከቱ። ሻኦሊን ሻንዶርና ሻኦአንግ የተባሉት የሊው ወንድማማቾች ቡዳፔስት ተወልደው ያደጉ ናቸው። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በ5000 ሜትር ቅብብል ሲያሸንፉ ለሀንጋሪ በክረምት ኦሊምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያው ወርቅ ሆነ። በ2022 ቤጂንግ ላይ ታናሹ በ500 ሜትር ወርቅ ጨመረ። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱም ወደ አባታቸው አገር ወደ ቻይና እንደሚዛወሩ ታወቀ። ያንን ወርቅ ካመጡት አራት ልጆች ሁለቱ ሄዱ ማለት ነው። ሀንጋሪ ለቀቀቻቸው፤ ክብር ይገባታል። ነገር ግን መልቀቅ ክብር የሚሆነው አለመልቀቅም ሲቻል ነው።

ከቦኩ፣ መምህርት

አሰልጣኝ፣ ያነሡት ሥጋት እውነተኛ ነው፤ እኔም የምጋራው ነው። የማልስማማው በመፍትሔው ነው፤ የሚጎዳው ተወዳዳሪ የሚገዛውን አገር ሳይሆን የተበደለውን ተወዳዳሪ ነውና።

ከአን ህዩን ሱ ልጀምር። ይህ ሰው በ2006 ቱሪን ላይ ለደቡብ ኮሪያ ሦስት ወርቅና አንድ ነሐስ አምጥቷል። በ2008 መጀመሪያ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ የ2010ሩ ኦሊምፒክ አመለጠው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደሞዝ ይከፍለው የነበረው የከተማ ክለብ ፈረሰ። በ2011 የሩሲያን ዜግነት ወስዶ ቪክቶር አን ተባለ፤ በ2014 ሶቺ ላይም ለሩሲያ እንደ ቱሪኑ ሦስት ወርቅና አንድ ነሐስ አገኘ። በዚያ ኦሊምፒክ የኮሪያ ወንዶች በሾርት ትራክ አንድም ሜዳልያ አላገኙም። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የኮሪያ ተመልካቾች ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ቁጣቸውን ያዞሩት በእሱ ላይ ሳይሆን በገዛ አገራቸው የስኬቲንግ ማኅበር ላይ ነበር። ቦታ የነፈገው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበርና።

አሁን ሊን ሺያኦጁንን እንመልከት፤ ኮሪያ ሳለ ሊም ህዮ ጁን ይባል የነበረውን። በ2018 በ1500 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በ2019 በብሔራዊ ቡድኑ ልምምድ ላይ የቡድን ጓደኛውን ሱሪ ዝቅ አድርጓል ተብሎ የአገሩ ማኅበር ለአንድ ዓመት አገደው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመጀመሪያ ጥፋተኛ ቢባልም በይግባኝ ነጻ ወጣ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 ይህንኑ አጸና። እሱ ግን ቀደም ብሎ፣ በ2020፣ ቻይናዊ ሆኖ ነበር። ለኮሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደረው በመጋቢት 2019 ሶፊያ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ደግሞ በየካቲት 2022 ነበር። ለሦስት ዓመቱ የጎደለው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው። ውድድሩን በአዲሱ አገሩ ከዳር ሆኖ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ጊዜው ለምን ለሁሉም እኩል ተፈጻሚ ሆነ ብዬ አልከራከርም፤ ሦስት ዓመት ለሁሉም ሦስት ዓመት ከሆነ ሕግ ነው፣ አከብረዋለሁ። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። ከአገሩ ጋር በፍቅር የተለያየ ተወዳዳሪ በአንድ ደብዳቤ ወራት ውስጥ ነጻ ሊወጣ ይችላል፤ ከአገሩ ማኅበር ጋር ተካስሶ የወጣው ግን፣ ፍርድ ቤት ነጻ ቢያደርገውም፣ የደብዳቤው ፈራሚዎች በዚያው የስፖርት ቤት የተቀመጡ ናቸው። ይህ ከሳሽም ዳኛም ሆኖ መቀመጥ ነው። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣበት፣ አንድ ውድቀት ጉልበትን ለዘለቄታው በሚያበላሽበት ስፖርት፣ ሦስት ዓመት ማለት የአንድ ሰው ብቸኛ ኦሊምፒክ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም «አገር ያፈራው ፍሬ» የሚለው አነጋገር ለሁሉም አይሠራም። ሲፋን ሐሰን የተወለደችው እዚሁ አዳማ ነው። በ2008፣ በ15 ዓመቷ፣ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድስ ገባች፤ ሯጭ ያደረጋት ያ አገር ነው። እሷን ለማገድ ፈቃድ የሚጠየቅ የእኛ ተቋም ቢኖር ኖሮ በምን አፉ ይከለክላት ነበር?

ከደምበላ፣ ተከታታይ

እህቴ ሲፋንን ስላነሣሽ አንድ ነገር ልጨምር። በ2024 ፓሪስ የማራቶኑ መጨረሻ ላይ ሲፋንና ትዕግሥት አሰፋ በመጨረሻው ኩርባ ክንድ ለክንድ ሲገፋፉ፣ ሾርት ትራክ የምንከታተል ሰዎች ያየነው የምናውቀውን ትዕይንት ነበር፤ ከውስጥ ልግባ፣ አላስገባም። ሲፋን በ2:22:55፣ ትዕግሥት በ2:22:58 ገቡ። የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው ተቃውሞ ውድቅ ሆነ። እኔ ያን ቀን ለትዕግሥት ነበር የጮኽሁት፤ ዛሬም ቢሆን ለትዕግሥት እጮኻለሁ። ሲፋን የከተማዬ ልጅ መሆኗ የተሸነፈውን ሰንደቅ ዓላማ ሕመም አልቀነሰልኝም። ሕጉ የተመልካችን ስሜት መጠበቅ አለበት አልልም፤ ነገር ግን አገር የሚባለው ነገር በውድድር ሜዳ ላይ ትርጉም ያለው በዚህ ስሜት ምክንያት ስለሆነ፣ የቀድሞው አገር ጭራሽ ድምፅ የለውም ማለት ያስቸግረኛል። በተለይ በቅብብል። በግል ውድድር አንድ ሰው ለራሱ ይወዳደራል፤ በቅብብል ግን የሚገፋውና የሚገፋለት ጓደኛ አለው፤ አንዱ ሲወጣ የሚጎዳው ማኅበሩ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት አብረውት የተንሸራተቱት ሦስቱም ናቸው።

ከፍራንኮ፣ የሩጫ አሰልጣኝ

መምህርት፣ ስለ ሊን ያቀረቡትን ቀናት አመሳክሬአለሁ፤ ትክክል ናቸው፤ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ኦሊምፒክ ማጣት ከባድ መሆኑንም አልክድም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። የተገፋውን በገንዘብ ከተገዛው የሚለየው ማን ነው? እያንዳንዱ ተዛዋሪ «ተበድያለሁ» ማለት ይችላል። ኮሪያን የመሰለ፣ ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ ራሱ ከኦሊምፒክ የማይተናነስበት አገር፣ በየዓመቱ ከምርጫ የሚቀሩ ድንቅ ልጆች አሉት። የአገሩ ድምፅ ከተነሣ እነዚህ ልጆች በሙሉ ለገበያ ይቀርባሉ፤ ሀብታሙ አገር ሙሉ ቡድን ገዝቶ ይሰለፋል። ይህን በሩጫ አይተናል፤ የእኛው ልጆች ነበሩ። አትሌቲክሱ በ2018 ሕጉን ሲያሻሽል ማመልከቻውን የሚመረምር ገለልተኛ ጉባኤም አቋቁሟል፤ ዜግነቱ የእውነት ይሁን የስም ብቻ የሚያጣራ። የስኬቲንጉ ዓለም እንዲህ ያለ ጉባኤ ቢኖረው ሥልጣኑን ለእሱ ቢሰጡት አልቃወምም። እስከዚያ ግን በአገሩ እጅ ይቆይ።

ከቦኩ፣ መምህርት

አሰልጣኝ፣ በጉባኤው ከተስማማን አብዛኛውን መንገድ አብረን ሄደናል። «እስከዚያ» በሚለው ላይ ግን ልቤ አይረጋም። ሥልጣኑን የያዙት ማኅበራት ናቸው፤ ጉባኤው እንዲቋቋም ድምፅ የሚሰጡትም እነሱው ናቸው፤ በእጃቸው ሳለ ለመልቀቅ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እፈልጋለሁ። ፈቃዱ ዛሬ ይነሣ፣ ሦስት ዓመቱ ለሁሉም ያለ ልዩነት ይጽና፤ ማሳጠር የሚፈልግ አገር ካለ ጉባኤውን ለማቋቋም ይትጋ። እንዲህ ሲሆን ሀብታሙ አገር በድርድር የሚገዛው ጊዜ አይኖርም፤ የእርስዎ ሥጋትም ይቀንሳል።

የደምበላው ወንድሜ ስላነሣው ቅብብል፣ የቀሩት ጓደኞች በጉባኤው ፊት ይሰሙ፤ ይህን ከልቤ እቀበላለሁ። እነሱ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የበለጠ የመናገር መብት አላቸው። ተዛዋሪው ከማኅበሩ ጋር ክስ ላይ ከሆነ ግን የማኅበሩ አስተያየት በጽሑፍ ይቅረብ እንጂ ድምፅ አይኑረው፤ ውሳኔውም ከኦሊምፒኩ የማጣሪያ ውድድሮች በፊት ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፍትሕ ለተወዳዳሪው በረዶ ላይ የሚወጣበትን ቀን አይመልስለትም።

ከፍራንኮ፣ የሩጫ አሰልጣኝ

የማጣሪያውን ቀነ ገደብ እቀበላለሁ። ፈቃዱ ዛሬ ይነሣ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ሀንጋሪን የመሰለች ትንሽ አገር ያላት ብቸኛ መከላከያ እሱ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሌሎች አባላትም ሐሳባቸውን እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።