የእህቴ ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ «ዊዝድሮዋል (የለመደው መድኃኒት ሲቋረጥበት የሚመጣ ሕመም) ነው» አሉን

የሕፃኑ አክስት፣ ሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን ያልጻፍኩት ለእህቴ ብዬ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶባት ለወገቧ ኦክሲኮዶን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት፤ ሐኪሙ ሲያቋርጥባት እሷ መተው አቃታት። ለቤተሰብ ትንፍሽ አላለችም። በኋላ ግን በራሷ እግር ክሊኒክ ሄዳ ቡፕረኖርፊን የሚባል የሱስ ማከሚያ መድኃኒት ጀመረች፤ አርግዛም በሐኪም ትእዛዝ ሳታቋርጥ ስትወስድ ቆየች።

እሑድ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ማክሰኞ ማታ ልጁ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጥ፣ በላይ በላዩ ያስነጥሰው፣ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ለቅሶ ያለቅስ ጀመር። ካልበረደለት ሞርፊን እንሰጠዋለን አሉን። ሞርፊን? ለሦስት ቀን ልጅ? እናታችን «ሱሰኛ ልጅ ወለድሽ» እያለች ታለቅሳለች፣ ቡፕረኖርፊኑን ዛሬውኑ ጣይው ትላታለች። ጡቷንስ ታጥባው? ማኅበራዊ ሠራተኛም መጥታ ስትጠይቃት ነበር፤ ልጁን ይወስዱባት ይሆን?

የጨቅላ ክፍል ነርስ
እንኳን ማርያም ማረቻት። ከእናታችሁ ልጀምር፦ እህትሽ መድኃኒቱን እንዳታቆም! አሁን ብትጥለው ልጁን የሚጠቅመው ነገር የለም፣ እሷን ግን ወደ ድሮው ክኒን ሊመልሳት ይችላል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራት ለእንደ እሷ ዓይነት እናት በጣም አደገኛ ናቸው።

ልጁ ሱሰኛ አይደለም። በእትብቱ በኩል ሲደርሰው የቆየውን መድኃኒት ሰውነቱ ለምዶት ነበር፤ እትብቱ ሲቆረጥ መድኃኒቱም አብሮ ተቆረጠበት። ሄሮይን ቢሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ይታይ ነበር፤ ቡፕረኖርፊን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚገለጠው። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ሕፃናት ደህና ቢመስሉም ከ4 እስከ 7 ቀን ሆስፒታል የሚቆዩት።

ሆስፒታሉ በምን እንደሚለካው ጠይቁ። የቆየው መንገድ ፊኔጋን ይባላል፤ በየ3 እና 4 ሰዓቱ ማስነጠሱን፣ ማዛጋቱን፣ መንቀጥቀጡን እየቆጠሩ ነጥብ መስጠት ነው። አዲሱ ሦስት ነገር ብቻ ያያል፦ በደንብ ይጠባል? ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተኛል? ሲያለቅስ በ10 ደቂቃ ውስጥ ዝም ይላል? በ2023 የወጣ በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ላይ በዚህ መንገድ የተያዙት ለመውጣት የደረሱት በአማካይ በ8.2 ቀን ነው፤ በድሮው 14.9 ቀን ነበር። መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከ52 ወደ 19.5 በመቶ ወርደዋል። ሞርፊን ከሰጡትም አትደንግጡ። በአፍ የሚሰጥ ትንሽ ጠብታ ነው፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

በሜታዶን (ሌላው የሱስ ማከሚያ መድኃኒት) ላይ የነበረች እናት
እህቴ፣ እኔ በዚህ አልፌያለሁ። የእኔዋ 16 ቀን ቆይታለች፣ ሞርፊንም ወስዳለች። ዛሬ አንደኛ ክፍል ናት፣ አፏ አያርፍም።

የረዳንን ልንገርሽ። መብራት ቀንሱ፣ ስልክ ድምፁን አጥፉ። ልብሱን አውልቃ በደረቷ ላይ ትለጥፈው፣ ከላይ ብርድ ልብስ። እጁን ወደ ደረቱ ሰብስባችሁ ጠቅልሉት። ወደ ጎን ከመወዝወዝ ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይዞ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበር የእኔዋን ዝም የሚያሰኛት። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ተቅማጡ መቀመጫውን ይልጠዋል፤ ሳይቆስል ቅባት ጀምሩ።

ደግሞ አራስ ጠያቂ አታብዙ። የእኛ ሰው ገንፎና እልልታ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልጅቷ አንዴ ከነቃች ሁለት ሰዓት ታለቅስብኝ ነበር።

እማማ ከላስ ቬጋስ
ልጄ፣ ይሄ ዓይን ነው። ጤና አዳም አሽታችሁ አሽትቱት፣ ለጋ ቅቤም አልሱት፣ ሆዱ ይለሰልስለታል።

የጨቅላ ክፍል ነርስ
እማማ፣ አይቆጡኝና ቅቤው ይቅር፣ ማርም እንዳይሰጠው፤ ይህ ልጅ መዋጥ ራሱ ሊቸግረው ይችላል። እርስዎ አጠገቡ ቢሆኑ ግን አቅፈው ለማስተኛት ማን ያክልዎታል!

ፋርማሲስት፣ አዲስ አበባ
ስለ ጡቱ፦ ሕክምናዋን በሥርዓት የምትከታተል፣ ሌላ ነገር የማትወስድና ኤችአይቪ የሌለባት ከሆነ ማጥባቱ ይመከራል። ወደ ወተቱ የሚያልፈው ቡፕረኖርፊን ጥቂት ነው። ትራማዶልና ኮዴይን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ግን ከዚህ ይለያሉ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል። እዚህ አገር ያላችሁ ነፍሰ ጡሮችም፣ ትራማዶልን እንደ ቀላል ራስ ምታት ማስታገሻ አትዩት። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ እሱም ሕፃኑን እንዲህ ያደርጋል። ለምዳችሁት ከሆነ ግን በራሳችሁ ድንገት ሳታቆሙ ለሐኪም ንገሩ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ
ሕጉ ሆስፒታሉ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፣ ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ማሳወቅ ማለት ግን በደል ፈጽማለች ማለት አይደለም፤ ለእናትና ለልጅ የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲወጣ ነው። የእህትሽ ትልቁ ማስረጃ ሕክምና ላይ መሆኗ ነው። ከክሊኒኳ ደብዳቤ ታምጣ፣ የቀጠሮ ወረቀቷንም ትያዝ፣ እውነቱን ትናገር። እንግሊዝኛው ከከበዳት በነፃ አስተርጓሚ ትጠይቅ። ዘመድ አያስተርጉምላት፣ አንቺም ብትሆኚ፤ በአንቺ ፊት የማትናገረው ነገር ሊኖር ይችላል።

የሕፃኑ አክስት፣ ሜሪላንድ
ዛሬ ቅዳሜ ነው። እስካሁን ሞርፊን አላስፈለገውም። ትናንት ለሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ተኛ። እናታችን የነርሷን መልስ ሳነብላት ዝም አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ እህቴን «አምጪው» አለቻት። ከሌሊት ጀምሮ ከእሷ እቅፍ አልወረደም። ሰኞ ይወጣል እያሉን ነው፣ ቤት ምን እንጠብቅ?

የጨቅላ ክፍል ነርስ
ተመስገን! መነጫነጩና የእንቅልፍ ችግሩ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። መጥባት እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ቶሎ ደውሉ። ሰውነቱ ቢንዘፈዘፍና ስትይዙት ባያቆም ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ 911 ነው። በእቅፍ የነበረ ልጅ አብሮ ካልተኛ ይላል፤ ግን በራሱ አልጋ፣ በጀርባው ነው የሚተኛው። ሳይወጣም የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮውን አስይዙ፣ ክብደቱ በጥቂት ቀን ውስጥ መታየት አለበት።