ወንድሜ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ተባለ፣ ከበድ ያለው ኬሞ ይሻለዋል?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ 47 ዓመቱ ነው። አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጣበትና የቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረ። እብጠቱ ግን ጨመረ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያረጥብ ላብ ያልበው ጀመር (እኛ የድሬ ሙቀት ነው እንል ነበር፣ ያውም በታኅሣሥ!)። በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ነው፣ ኃይለኛው ዓይነት አሉን። ሐኪሙ አር-ቾፕ የሚባል ኬሞ በየ21 ቀኑ፣ 6 ዙር አዞለታል። ውጭ ያለው የአጎታችን ልጅ ግን በየቀኑ እየደወለ "እሱ የድሮ ነው፣ ተኝቶ የሚወስደውን ከባዱን ጠይቁ" ይለናል። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ እማዬም ግራ ገብቷታል። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ሐረር ያለሁ ነርስ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ኬሞ ክፍል ነው የምሠራው። የአጎትሽ ልጅ የሚለውን ድሮ ሐኪሞቹም አስበውት ነበር። አሜሪካ ውስጥ 899 ሕመምተኞች ላይ ቾፕን ከ3 ከባድ ኬሞዎች ጋር አወዳደሩት፣ ውጤቱ በፈረንጅ 1993 ወጣ። ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የቆየው ሰው ያው ነው። ልዩነቱ ኬሞው ራሱ የገደላቸው ላይ ነበር፤ በቾፕ 1 ከመቶ፣ በከባዶቹ ከ3 እስከ 6 ከመቶ። ነገሩን የቀየረው በኋላ ቾፕ ላይ የተጨመረው ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ነው፣ "አር" የምትባለዋ። በአር-ቾፕ ከ10 ሰው 6ቱ ገደማ ይድናል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናትም ለ4 ቀን ሌት ተቀን በደም ሥር የሚንጠባጠበውን ኢፖክ-አርን ከአር-ቾፕ ጋር አወዳድሮ ብልጫ አላገኘበትም፣ ጉዳቱ ግን ባሰ።

የናሙናው ወረቀት "በርኪት" (በጣም ፈጥኖ የሚያድግ ሌላ የሊምፎማ ዓይነት) የሚል ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ለሱ ቾፕ አይበቃውም፣ ከባዱ ግድ ነው፣ ብዙ አዋቂም ያድናል። "ደብል ሂት" (ሁለት የጂን ለውጥ ያለበት) የሚል ካያችሁም ስለ ከባዱ ሐኪሙን ጠይቁት። ሌላው፣ ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ተመርምሯል? ሪቱክሲማብ የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል። ኤችአይቪና የልብ አልትራሳውንድም ቀድመው ይሠሩ።

የከዚራው፦
አቦ እኔ 6ቱንም ወስጃለሁ፣ 3 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው 2 ዓመት ነው ስላሉኝ አሁን ትንሽ ተንፍሻለሁ። ከቾፑ መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው፣ ሽንት ያቀላል፣ እንዳትደነግጡ። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ግን ሌላ ነው። 2ኛው ዙር በ10ኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ድሬ ላይ ትኩሳት ማለት ያው ወባ ነው፣ ካልሆነ ደንጊ፣ ስለዚህ ባለቤቴ የወባ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታ መጣች፣ እኔም በፓራሲታሞል ውጬው ተኛሁ። ማታ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር፣ በባጃጅ ወሰዱኝ፣ ካርድ ለማውጣት ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ተሰለፍን። ነጭ ደሜ አልቆ ነበር። 9 ቀን ተኛሁ።

ሐረር ያለሁ ነርስ፦
በትክክል! ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ፣ በፓራሲታሞል አታብርዱት። በር ላይ ገና ሰላም ሳትሉ "ኬሞ ላይ ነው" በሉ። በተለይ ከየዙሩ 7ኛ እስከ 14ኛ ቀን።

ዝምታ፦
6 ከ10 ሲባል 4ቱም አሉ። አባቴ ከነሱ ነው። ሪቱክሲማቡን በገንዘብ ምክንያት አላገኘንም፣ ቾፕ ብቻ ወሰደ፣ ዙሩም በትራንስፖርት እጥረት ሁለት ጊዜ ተገፋ። በሱ ምክንያት ነው አልልም፣ በእርግጠኝነት አላውቅም። ግን ለከባዱ የምታስቡት ብር ካለ "አር"ዋ ላይና ቀኑን ላለማሳለፍ አውሉት።

የሳቢያኗ፦
ዝምታ፣ ነፍስ ይማር። ወረቀቱን አሁን አየሁት፣ በርኪትም ደብል ሂትም አይልም። ሄፓታይተስ አልተሠራም፣ ነገ ጠዋት እናሠራለን። ቴርሞሜትርም ገዛሁ። ለአጎቴ ልጅ የ6ቱን ዙር የሪቱክሲማብ ሒሳብ ላክሁለት። ከትናንት ጀምሮ አልደወለም።