ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን፦ ዝናዋ የሚገባት ከተማ ናት?

ጠያቂ፣ ከደሴ አራዳ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለሁለተኛ ዲግሪ ማዲሰን ተቀብለውታል። ስለ ከተማዋ የሚጻፈው ሁሉ ሐይቅ፣ ብስክሌት፣ ነጻ አስተሳሰብና ለባዕድ የተመቸች መሆኗ ነው። ቤተሰቡም ሚስቱን ይዞ ይሂድ ይላል። እውነት የሚባልላትን ያህል ናት? ከመሄዱ በፊት ምን ማወቅ አለበት?

የጦሳ ልጅ፣ ማዲሰን፦

አብሽሪ እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ስሟን በተመለከተ ግማሹ ይገባታል፣ ግማሹ አይገባትም ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገባት ግማሽ ከባዶ አልመጣም። ማዲሰን የዊስኮንሲን ዋና ከተማ ስትሆን መሐሏ በሜንዶታና በሞኖና ሐይቆች መካከል በጠባብ መሬት ላይ ነው የተቆረቆረው። ወንድምሽን የተቀበለው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1848 ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሥራ አጥነት መድን ሕግ በ1932 የወጣው በዚሁ ክፍለ ግዛት ነው፤ ሐሳቡን ካመነጩትና ካረቀቁት ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ሰዎች ነበሩበት። በ1967 ናፓልም የተባለውን የሚያቃጥል የጦር መሣሪያ ያመርት የነበረው ዶው ኬሚካል ኩባንያ ግቢው ውስጥ ሠራተኛ መመልመሉን የተቃወሙ ተማሪዎችን ፖሊስ በዱላ በተናቸው፤ የከተማዋ ስም በአገር ደረጃ የገነነው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው። በ1966 የተቋቋመው የረዳት መምህራን ማኅበርም በአሜሪካ ከሁሉ ቀዳሚው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሠራተኛ ማኅበር ነው። ዛሬ ግን ደመወዝ የሚደራደርበት የኅብረት ስምምነት የለውም። ክፍለ ግዛቱ በ2011 የመንግሥት ሠራተኞችን የድርድር መብት የሚያጠብ ሕግ ሲያወጣ ሰው የምክር ቤቱን ሕንጻ ሞልቶ ለሳምንታት ቢያድርም ሕጉ ጸደቀ። ስለዚህ ወንድምሽ ረዳት ሆኖ ከተቀጠረ ደመወዙን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው።

የማይገባትን ግማሽ ልንገርሽ። በ2000 ዩኒቨርሲቲው ባሳተመው የማመልከቻ መጽሔት ሽፋን ላይ በነጭ የኳስ ተመልካቾች መሐል አንድ ጥቁር ተማሪ ይታይ ነበር። ልጁ ጨዋታው ላይ አልነበረም፤ ፊቱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ሲደረስበት ይቅርታ ተጠይቆ መጽሔቱ እንደገና ታተመ። በ2013 የወጣው «ሬስ ቱ ኤኩዊቲ» የተባለ ጥናት ደግሞ ማዲሰን ባለችበት ዴን ካውንቲ በ2011 ከጥቁር ሕፃናት ከመቶ 74 ያህሉ በድህነት እንደሚኖሩ፣ ከነጮቹ ግን ከመቶ 5 ገደማ ብቻ እንደሆኑ አሳየ። ቁጥሩ የቆየ ነው፤ ነገር ግን በተራማጅነቷ ለምትኮራ ከተማ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ ራሱ ከባድ ክስ ነው። ማርች 2015 የ19 ዓመቱን ቶኒ ሮቢንሰንን ፖሊስ ተኩሶ የገደለው በነጻ አስተሳሰቡ በሚታወቀው በዊሊያምሰን ጎዳና ነበር። ፖሊሱ አልተከሰሰም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለወንድምሽ ስለሚጠቅመው ነው። ከተማዋ የምትመቸው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ጥሩ ውል ላለው ሰው ነው። ከአንድ ክፍል የተቀበሉ ሁለት ልጆች ኑሯቸው ጨርሶ ላይገናኝ ይችላል። አንዱ ረዳትነት፣ ማለትም እየተማረ በማስተማር ወይም በምርምር የሚያግዝበት ሥራ ተሰጥቶት ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ ደመወዝና የጤና መድን ያገኛል። ሌላው ቅበላ ብቻ ይዞ የውጭ ተማሪ ዋጋ ይከፍላል። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት የሚፈቀደው ግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ ብቻ ስለሆነ «ሠርቼ እሸፍነዋለሁ» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ደብዳቤውን ደግማችሁ አንብቡት። ረዳትነቱ ለአንድ ሴሚስተር ነው ወይስ ለዓመት? የሚታደሰውስ በምን መስፈርት? ረዳት ሆኖም ከደመወዙ ላይ የሚከፍላቸው የተማሪ ክፍያዎች ስላሉ መጠናቸውን ከክፍሉ አስተባባሪ በኢሜይል ይጠይቅ።

ከኮምቦልቻ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ፦

ወረቀቱን እዚሁ ሳላችሁ ጨርሱት። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለበት ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱ ስለማይለቀቅ መጀመሪያ እሱን ይዝጋ። ከዚያ ስሙ ይታይ። ፓስፖርቱ ላይ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል ከትራንስክሪፕቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ ላይ «መሐመድ» መሐሉ ላይ በሁለት ኤም፣ ሌላው ላይ በአንድ ከሆነ ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ለማረም ቀላሉ የቅበላ ሰነዱ፣ ማለትም አይ-20 ነው፤ ከቪዛ ቀጠሮ በፊት ዩኒቨርሲቲው አስተካክሎ ይልከዋል። የልደትና የጋብቻ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥም ይጠንቀቁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ (እስከ ዲሴምበር 31) ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በዚህ የሚሳሳት ተርጓሚ ብዙ ነው።

ስቴት ስትሪት፦

ስለ ቤት እኔ ልጨምር፣ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ግቢው አካባቢ አብዛኛው የኪራይ ውል ኦገስት 14 ያልቅና አዲሱ ኦገስት 15 ይጀምራል። በመሐል ያለችውን ሌሊት ተከራዩ ዕቃውን ይዞ ደጅ ላይ ነው። ኦገስት 10 የሚደርስ ልጅ እስከ 15 የሚያርፍበት ቀድሞ ካልተፈለገለት በሆቴል ያልቃል። ውሉ ሲጀምር የመጀመሪያው ወር ኪራይና ብዙ ጊዜ የአንድ ወር የሚያህል መያዣ አንድ ላይ ይጠየቃል፤ የረዳትነቱ ደመወዝ ግን ሴፕቴምበር ገብቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ወር ኪራይና የምግብ ገንዘብ በእጁ ይኑር። የባንክ ምንዛሪውንም አይ-20 እንደደረሰው ይጀምር።

ቤት ሳያይ ገንዘብ አይላክ። «ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ መያዣውን በዌስተርን ዩኒየን ላክ» የሚል አከራይ አከራይ አይደለም። ከሌሎች ጋር በአንድ ውል ከፈረመ ደግሞ አንዱ ጥሎ ሲሄድ ድርሻውን የቀሩት ይከፍላሉ፤ በየክፍሉ ለብቻ የሚፈረም ውል ካገኘ ያ ይሻላል። በገባ በ7 ቀን ውስጥ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የምንጣፉን እድፍ፣ የምድጃውን ጉዳት በጽሑፍና በፎቶ ለአከራዩ ያሳውቅ፤ ሲወጣ በሕጉ አከራዩ መያዣውን ወይም የተቆረጠበትን ዝርዝር በ21 ቀን መላክ አለበት። ያ ጽሑፍ ከሌለ ክርክሩ ከንቱ ነው።

በዚያ በኦገስት አጋማሽ ሰሞን መንገዱ ዳር የሚጣለው ዕቃ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ሁሉም ነው። የእንጨትና የብረቱን ይውሰድ። ፍራሽና የጨርቅ ሶፋ ግን በነጻም ቢሆን አይንካ፤ ትኋን ቤት ከገባ የሚያስወጣው ወጪ ከአዲስ ፍራሽ ይበልጣል።

ጠያቂ፣ ከደሴ አራዳ፦

አላህ ይስጥልን። የሚስቱስ ነገር?

የጦሳ ልጅ፣ ማዲሰን፦

በኤፍ-1 የሚሄድ ሰው ሚስት የምታገኘው የቤተሰብ ቪዛ፣ ኤፍ-2፣ ሥራ ጨርሶ አይፈቅድም። በጄ-1፣ ማለትም በልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ ከሆነ ግን ጄ-2 የያዘች ሚስት የሥራ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ዩኒቨርሲቲው ወይም የገንዘብ ሰጪው ድርጅት ጄ-1 የሚሰጥ ከሆነ ምርጫው ከመፈረሙ በፊት ነው፤ አንዳንዱ ጄ-1 ግን ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገር ቤት መቆየት ስለሚያስገድድ ያንንም ያጣራ። ሥራ ሳይፈቀድላት በአንድ ረዳት ደመወዝ ሁለት ሰው ማዲሰን ላይ መኖር እጅግ ይከብዳል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሴሚስተር ብቻውን ሄዶ ቤቱን ይያዝ እላለሁ።

ቤተሰብ ላለው ተማሪ የተሻለው ኢግል ሃይትስ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው መኖሪያ ነው። ወረፋ ስላለው ቅበላው እንደተረጋገጠ ያመልክት። ከዚያ ወደ ግቢው የሚወስደው 80 ቁጥር አውቶቡስ ነጻ ነው። አጠገቡ ነዋሪው የሚያርሰው የጋራ ጓሮ አለ፤ ጎመንና ቃሪያ በደንብ ይበቅላሉ።

ሰኞ ገበያ፣ ሚኒያፖሊስ፦

የጦሳን ልጅ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሐሜቱ ግን ትንሽ በዛ። የሕዝብ አገልግሎቷን ከሌላ ተመሳሳይ ከተማ ጋር አወዳድሩት። ከ2024 ጀምሮ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያቋርጥ ፈጣን የአውቶቡስ መስመር አላት፤ ታሪፉ 2 ዶላር ሲሆን ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ ፓስ ይሰጠዋል። መኪና መግዛት አያስፈልገውም። ከገዛም ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 የበረዶ አስቸኳይ ሁኔታ ሲታወጅ ከሌሊቱ 7 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ በሙሉ ቁጥር ቀን ሙሉ ቁጥር ባለው ቤት በኩል፣ በጎዶሎ ቀን በጎዶሎው በኩል ማቆም ግዴታ ነው። ካልሆነ ቅጣት ይመጣል።

የጎደላት የኛ ሰው ነው። አበሻ ጥቂት ስለሆነ ለበዓልና ለለቅሶ ሰው አይሰበሰብም። ሚኒያፖሊስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከደሴ አዲስ አበባ እንደማለት ነው። ቺካጎ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ስትሆን ጤፍና በርበሬ በብዛት ከዚያ ይመጣል፤ ከግቢው የሚነሳ አውቶቡስም አለ።

ብርዱን በተመለከተ የደሴ ቁር ለዚህ አያለማምድም። ጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 መውረዱ የተለመደ ነው፤ 25 የሚደርስበትም ቀን አለ። ካፖርቱን ከደሴ ገዝቶ አይሸከም፤ የሴንት ቪንሰንት ዲ ፖል ልብስ መሸጫዎች ውስጥ ያገለገለ ደህና ካፖርት በርካሽ ያገኛል። ቡቱን ግን አዲስ ይግዛ፣ ውሃ የማያስገባና ከእግሩ ግማሽ ቁጥር የሚበልጥ፣ ወፍራም ካልሲ እንዲይዝ። ቤት ሲከራይም ማሞቂያውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይይ። የድሮ የእንጨት ቤት ኪራዩ ዝቅ ብሎ የጋዝ ሒሳቡ በክረምት ሊያስደነግጥ ይችላል፤ የጋዝና መብራት ድርጅቱ አድራሻውን ሲሰጡት የዚያን ቤት አማካይ ወጪ ስለሚናገር ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።