ቁልፎቹን እያዩ የሚጽፉ ተማሪዎችን እንዴት ላላምዳቸው?

ጥያቄ፦
የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ በሳምንት የተመደበልኝ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ልጆች በሁለት አመልካች ጣቶቻቸው እየለቀሙ የሚጽፉ ሲሆን፣ አሥሩንም ጣቶች እንዲጠቀሙ ሳደርጋቸው ፍጥነታቸው ስለሚወርድ ይሰላቹና ዘወር ባልኩ ቁጥር ወደ ቀድሞ ልማዳቸው ይመለሳሉ። ፋይል አያያዝና የይለፍ ቃል ጥበቃም ማስተማር ስላለብኝ፣ በዚህች አጭር ጊዜ ለትየባ ይህን ያህል መድከሜ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ምላሽ፦
ፍጥነታቸው መውረዱ አያስደንግጥዎ፤ አዲስ ልማድ ሲጀመር የሚጠበቅ ነው። ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ከማስተየብ ይልቅ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ብቻ፣ ነገር ግን ሳያቋርጡ፣ ለዚህ ይስጡ። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በኤፍ እና በጄ ቁልፎች ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች በአመልካች ጣቶቻቸው ዳብሰው እንዲያገኙ ያድርጉ፤ ሌሎቹ ጣቶች ቦታቸውን የሚይዙት ከእነዚህ ተነሥተው ነው። እኔ እጃቸውን በስስ ጨርቅ እሸፍናለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ሳቅ በሳቅ ይሆናል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጨርቁን ራሳቸው ይጠይቁኛል። በደቂቃ የሚጻፉ ቃላትን መለካት (አንድ ቃል 5 የቁልፍ ምት ተብሎ ይሰላል) ለጊዜው ይቆይ፤ ገና ሳይለምዱ ውድድር ከገባ ልጁ የሚለምደው በባክስፔስ እየደለዘ መሮጥን ነው።

ሌላ ምላሽ፦
ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ትየባውን ከሌላው ትምህርት መነጠል ግን አይታየኝም። ከተማሪዎቼ ሁሉ ፈጣን የነበረችው ልጅ አንድ ቀን የጻፈችውን ማግኘት አቅቷት አለቀሰች፤ ጽሑፉ «ርዕስ አልባ 7» ተብሎ ከመሰሎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚተይቡት አንቀጽ ስለ ይለፍ ቃል የሚናገር ይሆናል፤ ሲጨርሱ በስማቸውና በቀኑ ሰይመው ያስቀምጡታል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያንኑ ፈልገው ይቀጥሉበታል።

ሌላ ምላሽ፦
አማርኛ መጻፍንም አይርሱ። በድምፅ ላይ በተመሠረተው የአጻጻፍ ስልት «ሉ»ን ለመጻፍ ኤል ቀጥሎም ዩ ስለሚመታ፣ የላቲን ቁልፎችን ቦታ ጣቱ ያወቀ ልጅ ድካሙ በሁለቱም ቋንቋ ይከፍለዋል። ፊደሎቹ በተራ ያልተደረደሩት ለምን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርምና፣ አቀማመጡ በ1870ዎቹ ለጽሕፈት መኪና የተዘጋጀ መሆኑን ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጨርቁን ከሰኞ ጀምሮ እሞክራለሁ። ሆኖም ሁለት ልጆች አንድ ኮምፒውተር ስለሚጋሩ፣ ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ምን ይሥራ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ታዛቢ ይሁን። ጓደኛው ወደ ቁልፎቹ ለማየት ጨርቁን በገለጠ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ያስምር፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ።