ራይዘን ላላችሁ፦ 4000 ራም ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። "ራይዘን 5 5600 (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) አለኝ፣ ኦቨርክሎክ ላደርገው (ከተሰጠው ፍጥነት በላይ ላስሮጠው) ነው፣ የቱን ራም ልግዛ?" ለነሱ ያልኩትን እዚህም ልጻፈው።

3600 (የራሙ ፍጥነት)፣ ሲኤል16 (የመዘግየቱ ቁጥር፣ ሲያንስ ይሻላል)፣ ሁለት ፍሬ። ብር ካጠረ 3200 ሲኤል16። 4000ውን ተዉት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ራይዘን ውስጥ ፕሮሰሰሩን ከራሙ ጋር የሚያገናኝ ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባል መስመር አለ። 3600 የተባለ ራም ትክክለኛ ክሎኩ ግማሹ ነው፣ 1800 ሜጋኸርዝ። ፋብሪኩም 1800 ላይ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ። እንደ ጥማድ በሬ አስቡት፤ አንዱ ቀድሞ ቢሮጥ ቀንበሩ ይጣመማል እንጂ እርሻው አይፈጥንም። 5600 አብዛኛውን ጊዜ 1800ን ያለ ችግር ይይዛል። 1900 የሚደርስም አለ። 4000 ራም የሚፈልገው 2000 ግን የዕድል ጉዳይ ነው።

ለአንድ ጓደኛዬ ከዱባይ በሰው 4000 ራም አስመጣን። ገጠምነው፣ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ምርጫ) አበራን፣ ተነሳ፣ ደስ አለን። ጌም ሲከፍት ግን ከድሮው 3200 ምንም አልተሻለም። ዜንታይሚንግስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትን። ራሙ 2000፣ የራም መቆጣጠሪያው (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን የሚያዘው ክፍል) 1000፣ ፋብሪኩ 1800 ይላል! ማዘርቦርዱ ዝም ብሎ መቆጣጠሪያውን በግማሽ ቀንሶታል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተን ራሙን 3600፣ ፋብሪኩን 1800 አደረግን። ሦስቱም ቁጥር 1800 ሆነ፣ ሲኤሉንም ከ18 ወደ 16 አወረድነው። ልዩነቱ ያኔ ታየ። ለ4000 የጨመረው ብር ግን ቀለጠ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ሲኤሉን ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ። ሲኤሉን በ2000 አባዙና ለራሙ ፍጥነት አካፍሉት፣ መዘግየቱን በናኖሰከንድ ታገኛላችሁ። 3200 ሲኤል16 10 ይመጣል። 3600 ሲኤል18ም 10 ነው። 3600 ሲኤል16 8.9 አካባቢ። 3200 ሲኤል22 ግን 13.75! ሁለቱም "3200" ተብለው ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

ማዘርቦርድ ላይ ቢ450 ወይም ቢ550 ይበቃል። ኤ320 ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አይፈቅድም፣ ርካሽ ነው ተብላችሁ እንዳትገዙ። አንድ 16 ጊጋ ከምትወስዱ ሁለት 8 ይሻላል፤ ባለ አራት ቀዳዳ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩት።

"እኛ ኦቨርክሎክ እናደርግልሃለን" ለሚል ባለሙያ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ለስንት ሰዓት ያህል ትፈትሹታላችሁ? ዊንዶውስ ስለተከፈተ ብቻ ከመለሱላችሁ አልተሠራም ማለት ነው። እኔ ራሳችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ማታ አስነስታችሁ ተኙ፣ መብራት እንዳይቆርጠው ዩፒኤስ ካላችሁ ሰኩት። ኮምፒውተሩ ካልነሳ አትደንግጡ፤ ከሶኬት ንቀሉት፣ የማዘርቦርዱን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱት፣ ባዮሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ራይዘን 7000 ያላችሁ ሂሳቡ ይለያል፤ 6000 ሲኤል30 ዲዲአር5 (አዲሱ የራም ትውልድ) ያዙ።

5600 ላይ 3600 ሲኤል16 ካጣችሁ ሲኤል18ቱን ግዙና ወደ 16 ለማውረድ ሞክሩ። የራሙን ቮልት 1.35 ላይ ተዉት። በፍተሻው አንድ ኤረር እንኳ ከታየ ወደ 18 መልሱት፣ ፋይል ከሚበላሽባችሁ ይሻላል።