ለእናቴ የትኛውን የመርከብ ክፍል ልያዝላት?

በሰኔ ወር እናቴን ከሲያትል ወደ አላስካ በሚጓዝ የመዝናኛ መርከብ ለ7 ሌሊት ልወስዳት ነው። አምና ከማያሚ ስንጓዝ፣ ዋጋው ቀነሰልኝ ብዬ ከመርከቡ አፍንጫ አጠገብ ክፍል ያዝኩ። አልጋው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እናቴ ጠርዙን ጨብጣ አደረች፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ የመልሕቁ ሰንሰለት ሲወርድ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። የማቅለሽለሽ ክኒኑም ዝንጅብሉም አልረዳትም።

አሁን የቀሩት ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ሁለቱም የመርከቡ ወገብ ላይ። የ4ኛው ፎቅ ውዝዋዜው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በላዩ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ የሚጫወትበት አዳራሽ አለ። የ9ኛው ከላይም ከታችም መኝታ ክፍሎች ብቻ ስላሉት ጸጥ ያለ ነው፤ ከፍታው ግን ያሰጋኛል። እናቴ እንቅልፏ ቀላል ነው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ትተኛለች። ወደ አላስካ ስትሄዱ ከካናዳው ቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ ባለው ክፍት ውቅያኖስ ያለፋችሁ፣ 9ኛው ፎቅ ላይ ውዝዋዜው እንቅልፍ የሚነሳ ነው?